በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ፦ ወንጌሉን አልቀበልም ላሉኝ ጎረቤቴ ምን ላድርግ?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው ያደግሁት፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ጉዳዩ አጭር ነው፤ ግን ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሥቶኛል።

በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤት አሉን። እቴቴ ነው የምላቸው። ሙስሊም ናቸው። እናቴ ሥራ ስትውል ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን የምወረውረው እሳቸው ቤት ነበር። እንጀራው የት እንደሚቀመጥ ከራሴ ቤት ይልቅ የሳቸውን አውቅ ነበር።

ጌታን የተቀበልኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ተመርቄ ስመለስ መጀመሪያ ያሰብኩት እሳቸውን ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ጸለይኩላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ የሉቃስን ወንጌል በድምፅ ሚሞሪ ላይ ጭኜ ሰጠኋቸው። «እሽ ልጄ» ብለው ተቀበሉኝ።

በሳምንቱ ቡና ጠሩኝ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውንም ጠጣን። ከዚያ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈቱ። ሚሞሪው በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ እዚያ ነበር። መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ። «ልጄ፣ ሰምቸዋለሁ። ደግ ነገር ነው። እኔ ግን ባባቴ መንገድ ነው የምሞተው። ይሄን ነገር ሁለተኛ አታንሽብኝ። በይ አሁን በረካሽን ጠጭ።»

እኔ ምን አልኩ? «እቴቴ፣ እኔኮ ለእርስዎ ብዬ ነው። ኋላ እንዳይቆጭዎት!» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ተነሣሁና ወጣሁ። ሲኒዬ ተቀድቶ ነበር። በሩ ላይ ዞር ስል ሁለት እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተዋል። እኔን ሊመርቁኝ ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ትናንት በልጅ ልጃቸው ንፍሮ ላኩልኝ።

የቸርች ወንድሜን ሳማክረው «ነግረሻቸዋል፣ ደማቸው ከእጅሽ ወርዷል፣ የእግርሽን ትቢያ አራግፊና እለፊ» አለኝ። እውነት እንደዚህ ነው? ደግሞስ ለምንድነው እንዲህ የተናደድኩት? አልሰደቡኝ፣ አልጮኹብኝ።

እማ በረካ

ንፍሮውን በላሽው?

የሰኞ ገበያ ልጅ

በላሁት እማ። እያለቀስኩ።

ጦሳ ሥር

እኅቴ፣ በወንጌል አገልግሎት ሃያ ዓመት አልፎኛል። የወሎን ገጠር በእግሬ ነው የማውቀው። በር የተዘጋብኝን ቀን ብቆጥር ጣት አይበቃኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ።

ሉቃስ 9ን ከቁጥር 51 ጀምረሽ አንብቢው። ጌታ ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄድ በአንድ የሳምራውያን መንደር ሊያድር ፈለገ። አልተቀበሉትም። ለምን? ስብከቱ ስላልጣማቸው አይደለም። ገና አልሰሙትም። ፊቱ ወደ ኢየሩሳሌም ስለነበረ ነው። ሳምራዊውና አይሁዱ «የሚሰገደው በዚህ ተራራ ነው፣ የለም በኢየሩሳሌም ነው» በሚለው ትውልድ ሲጣሉ የኖሩ ናቸው። እንግዳው የሚሄድበትን አቅጣጫ አዩና በራቸውን ዘጉ።

ያዕቆብና ዮሐንስ ምን አሉ? ኤልያስ እንዳደረገው እሳት ከሰማይ ይውረድ እንበል? አሉ። ልብ በይ፣ እነዚህ ሰዎች ጥቅስ ነበራቸው። ከነቢያት ታሪክ ነው የጠቀሱት። እኔን ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ስንናደድም ጥቅስ አናጣም።

ጌታ ዘወር ብሎ የገሠጸው መንደሩን አይደለም፣ ደቀ መዛሙርቱን ነው። ከዚያ ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። አለቀ። እርግማን የለ፣ ዛቻ የለ።

አሁን ሐዋርያት ሥራ 8ን ክፈቺ። ሰማርያ ወንጌል ሰማች ተባለና ከኢየሩሳሌም ሁለት ሰው ተላከ። ጴጥሮስና ማን? ዮሐንስ። ያው «እሳት ይውረድ» ያለው ዮሐንስ! ሄዶ እጁን ጫነባቸው፣ ጸለየላቸው። እሳቱ በዚያን ዕለት ወርዶ ቢሆን ኖሮ እጁን የሚጭንበት ሰው ከየት ያመጣ ነበር?

ስለዚህ ሂጂና በረካሽን ጠጭ። ስለ ትቢያው ሌሎች ይመልሱልሽ።

ቆራጡ

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልስማማም። «ርኅራኄ፣ ርኅራኄ» እያልን ወንጌልን የቡና ወሬ አደረግነው። ማቴዎስ 10፥14 ግልጽ ነው። የማይቀበላችሁ፣ ቃላችሁንም የማይሰማ ቢኖር ከዚያ ስትወጡ የእግራችሁን ትቢያ አራግፉ ይላል። ጳውሎስና በርናባስም በጲስድያ አንጾኪያ አድርገውታል። ልጅቷ ነገረቻቸው፤ እሳቸው እምቢ አሉ። ምን ቀራት? የወሎ ሰው ይሉኝታው በዝቶ ነው እንጂ ቃሉ አልተሸፋፈነም።

ሐይቅ ዳር

ቆራጡ፣ ጥቅሱ አለ፤ ማንም አልካደውም። ግን ለማን እንደተባለ እንየው። አሥራ ሁለቱ መንገደኞች ነበሩ። ወርቅ አትያዙ፣ ሁለት እጀ ጠባብ አትያዙ ተብለው፣ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ። ትቢያው የመንገደኛ ምልክት ነው፤ «የናንተ ነገር በእጄ የለም፣ ለናንተው ትቻለሁ» እንደማለት። ደግሞ ሉቃስ 10፥11 ላይ ሰባው ደቀ መዛሙርት ትቢያውን ካራገፉ በኋላም የሚናገሩት ነገር አለ፦ የእግዚአብሔር መንግሥት ወደ እናንተ እንደ ቀረበች ይህን እወቁ። የመጨረሻው ቃላቸው ያው የመጀመሪያው የምሥራች ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ ግን መንገደኛ አይደለችም። ጎረቤት ናት። ጠዋት ስትወጣ የምትረግጠው አቧራ የእቴቴም አቧራ ነው። የት ሄዳ ነው የምታራግፈው?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ እኅቴ። «ለምን ተናደድኩ» ብለሻል። ያልሰደቡሽን ሰው ለምን ትናደጃለሽ? እንደኔ እንደኔ፣ የተናደድሽው ለወንጌሉ አይደለም። ውለታ ልትመልሽ ነበር የሄድሽው። ያበሉሽን፣ ያሳደጉሽን ሴት በአንዴ፣ ከሁሉ በሚበልጥ ነገር ልትክሻቸው። እሳቸው ስጦታውን በጨርቅ ቋጥረው መለሱልሽ። ዕዳሽ እንዳለ ቀረ። የሚያመው እሱ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ መድኃኒቴን አልወስድም የሚለኝን በሽተኛ የምቆጣው ብዙ ጊዜ ለሱ ጤና ብዬ አይደለም፤ የለፋሁት ልፋት መና ሲቀርብኝ ነው። ይህን ለራሴ ለማመን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ዲያቆኑ

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ጴንጤዎች የኛን ምእመን ቤት ለቤት ስለምትሰብኩት ነገር ቅሬታ አለኝ፤ ዛሬ ግን ለሱ አልመጣሁም። ሌላ ቀን እንጣላለን።

ሁላችሁም የዘነጋችሁት ነገር አለ። ይህ የሆነው ወሎ ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። ብዙዎቻችሁ በሆስፒታሉ ነው የምታውቁት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ አደረጉ። መጀመሪያ የተከራከሩት የኛው ሊቃውንት ናቸው፣ ተዋሕዶና ጸጋ በሚባሉ ስለ ክርስቶስ በሚያስተምሩ ሁለት ትምህርቶች። እሱ ሲያልቅ ዐዋጁ ወደ ወሎ ሙስሊም ዞረ። ሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጠው፣ ከዚያ እንዲጠመቅ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ የልጅ ኢያሱ አባት ማለት ናቸው። ሼህ ጠልሃ እምቢ ብለው ሸፈቱ። ብዙ ሰው ተሰደደ። ሌላው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ይህን አባባል የወሎ ልጅ ሁሉ ሰምቶታል።

እኔ ይህን የምለው የራሴን ቤት ለማማት አይደለም። አያቴ ክርስቲያን፣ የአያቴ ወንድም ሙስሊም ነበሩ። አንድ አባት ነው የወለዳቸው። የተለያዩት በዚያ ዘመን ነው ይባል ነበር። ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር ጮክ ተብሎ አይወራም ነበር።

እቴቴ «ባባቴ መንገድ ነው የምሞተው» ሲሉ አንቺ የሰማሽው የአንዲት ሴት ግትርነት ሊሆን ይችላል። እሳቸው ግን ምናልባት የሚመልሱት ላንቺ ብቻ አይደለም። ቅድመ አያታቸውን የጠየቀም ሰው ነበር፤ ያ ሰው ጦር ይዞ ነበር። አንቺ የያዝሽው ሚሞሪ ነው፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ግን ያ ልዩነት እንዲታይ ድምፅሽን ከፍ ማድረግ የለብሽም። «ኋላ እንዳይቆጭዎት» የምትለዋ ነገር፣ በወሎ ጆሮ ስትሰማ ሌላ ናት።

የሚገርመኝ፣ በዚያ ዐዋጅ የተጠመቁት ሚካኤል በኋላ ንጉሥ ሆነው ደሴ ላይ ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ዛሬም አለ። ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ጦሳ ሥር

ዲያቆን፣ ይህን ስለጻፍክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ሥልጠና ላይ ቦሩ ሜዳ ሲነሣ አልሰማሁም። ስለ ጣልያንና ስለ ሮም እንማራለን፣ እዚሁ ቅርባችን ያለች ቦታ ላይ የሆነውን አንማርም።

ባቲ ሰኞ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ሊንኩን ጓደኛዬ ነው የላከልኝ። ሙስሊም ነኝ። ቤታችሁ ገብቼ ከሆነ ውጣ በሉኝ። ካልሆነ ግን እዚያኛው ወገን ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሰማ ልንገራችሁ።

ላስተምርህ ብሎ የመጣ ጓደኛ ነበረኝ። አብሮ አደጌ ነው። ቅር አላለኝም፤ ወላሂ። ደግ ነው ያሰበልኝ። ከልቤ አዳመጥኩት። ከዚያ «ወንድሜ፣ እኔ በዲኔ ደስተኛ ነኝ» አልኩት። እሱም «እሺ» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አልደወለም። በሚቀጥለውም። ኳስ እናይበት የነበረው ቤት መምጣት አቆመ። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ ለሁለት ዓመት ቡና የጋበዘኝ ለዚያች ቀን ኖሯል? እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት አፍሮ ይሆናል። ግን ያለፈውን ሁለት ዓመት ሁሉ አበላሸብኝ። ከኋላ ሄዶ አበላሸብኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የኛ አገር ሠርግ ታውቃላችሁ። ደሴም ሆነ ባቲ፣ ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻው በሬ ይገዛል። ሙስሊም ተጠርቶ ይባርክለታል። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ፣ ወጥ ሠሪዋ ለብቻ። ደጋሹ ሙስሊም ከሆነም እንደዚያው ለክርስቲያኖቹ። ይህ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ጎረቤቴ በሃይማኖቱ የባረከውን ሥጋ «አይ፣ አልበላም» ብየዋለሁ። እሱም የኔን አልበላም ብሏል። ዕድሜ ልካችንን! ተቀይሞኝ ያውቃል? ጭራሽ እሱ ራሱ ነው ጭልፋው እንዳይነካካ የሚጠብቅልኝ። «ኧረ የእስላሙን ድስት አትንኩ!» ብሎ ልጆቹን ሲቆጣ ሰምቸዋለሁ።

በሥጋ ይህን የሚችል ሰው በቃል ለምን ያቅተዋል?

ከኛም በኩል እንደዚሁ አለ፣ ላስመስል አልፈልግም። አጎቴ ክርስቲያን ባልንጀራውን ወደ እስልምና ጠርቶት አልቀበል ሲለው ሦስት ወር አኩርፎታል። ቁርኣን ላይ በሃይማኖት ማስገደድ የለም የሚለውን በቃሉ ያውቀዋል። አጎቴን ያስታረቁት የኔ እናት ናቸው፣ በቡና።

እማ በረካ

ባቲ ሰኞ፣ አንተ ልጅ ተባረክ። ቤትህ ነው፣ ማን ውጣ ይልሃል።

አወያይ

አንድ ኮመንት አጥፍቻለሁ። የማንንም እምነት የሚሰድብ ነገር እዚህ አይለጠፍም። የጻፈው ራሱን ያውቃል። ቀጥሉ።

ኮምቦልቻ ፈረቃ

ዝም ብዬ ላነብ ነበር የገባሁት። የባቲው ወንድም ጽሑፍ አስቸገረኝ።

እኔ ያ የጠፋ ጓደኛ ነኝ። የሱ አይደለሁም፤ የሌላ ሰው።

ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ነበር። ሃይማኖት ውስጥ የለሁበትም የሚል። እናቱ ክርስቲያን፣ አባቱ ሙስሊም፤ እሱ ሁለቱንም ትቶ። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ማሽኑ ይጮኻል፤ እኔ ጆሮው ሥር ሄጄ እሰብከዋለሁ። በእረፍት ሰዓት እንከራከራለን። ጥሩ ተከራካሪ ነበር። እኔ ደግሞ ቤት ሄጄ መልስ አጥንቼ እመጣለሁ። አንድ ቀን መልስ አጣ። ሌሎቹ ሠራተኞች ከበውን ነበር፤ ሳቁበት። እኔም ሳቅኩ። «እንግዲህ እንደፈለግህ ሁን» ብሎኝ ሻይውን ሳይጨርስ ተነሣ። በሳምንቱ ፈረቃ ቀየረ።

ከወራት በኋላ ልጁ ሞተችበት። አራት ዓመቷ ነበር። እኔ የሰማሁት ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ፋብሪካው ሁሉ ሄዶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ሳቅፈው ቀና ብሎ አየኝና «አንተም መጣህ?» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። ያቺ «ም» ግን አልለቀቀችኝም። ስንት ዓመቷ።

ሊጠላኝ ብሎ አይደለም። በእውነት ገርሞት ነው። የማልመጣ ሰው መስየው ነበር።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። የምመልሰው አጣሁ። ኮምቦልቻ ፈረቃ፣ ወንድሜ፣ አይዞህ።

ቆራጡ

ወንድሞች፣ እኅቶች፣ የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ልቤ ድንጋይ አይደለም። ግን አንድ ሰው በቀጥታ ይመልስልኝ። ኢየሱስ ሕይወት ነው ብዬ ካመንኩ፣ ያለሱ ጥፋት ነው ብዬ ካመንኩ፣ ሰው እምቢ ሲለኝ «አብሽር፣ ችግር የለም» ብዬ ቡናዬን መጠጣት እንዴት ፍቅር ይሆናል? ቤት ሲቃጠል እያየ የማይጮኽ ጎረቤት ምን ጎረቤት ነው? የእናንተ ርኅራኄ የማይገደው ሰው ርኅራኄ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጦሳ ሥር

ቆራጡ፣ ይህ ጥያቄ የጨዋ ጥያቄ ነው። እኔንም ሌሊት የሚያነቃኝ እሱ ነው። «ችግር የለም» በል አላልንህም። ችግር አለ። ጳውሎስ ሮሜ 9 ላይ ስለማያምኑት ወገኖቹ ሲጽፍ በልቤ የማያቋርጥ ጭንቀት አለብኝ ይላል። ጌታም ኢየሩሳሌምን ባየ ጊዜ አለቀሰ። ዶሮ ጫጩቶቿን እንደምትሰበስብ ልሰበስብሽ ወደድሁ፣ አልወደዳችሁም አለ። ማልቀስና መቆጣት ግን ይለያያሉ። ያለቀሰ ሰው በሩ ላይ ይቆያል። የተቆጣ ሰው በሩን ወርውሮት ይሄዳል።

ማርቆስ 10ን ተመልከት። ያ ሀብታም ሰው ተንበርክኮ መጣ። ጌታ ወደ እርሱ ተመልክቶ ወደደው ይላል። የሚገርመው፣ የወደደው እንደሚሄድበት እያወቀ ነው። ያለህን ሽጥ፣ ለድሆች ስጥ፣ ተከተለኝ አለው። ሰውየው አዝኖ ሄደ። ጌታ ምን አደረገ? ዋጋውን አልቀነሰለትም፤ «እሺ ግማሹን» አላለውም። ተከትሎትም አልሮጠም። ከኋላውም አልሰደበውም። እኔ ስብከት ላይ እነዚህን ሦስቱንም አድርጌያለሁ፤ ቀንሻለሁ፣ አሯሩጫለሁ፣ ሰድቤአለሁ።

የቤት ቃጠሎው ምሳሌህ ጥሩ ነው። ግን እስቲ አስበው፣ ጮኸህ ነገርካቸው፣ ሰሙህ፣ «አይ፣ ጭስ የለም» አሉህ። ከዚያ ባልዲህን ይዘህ ወደ ቤትህ ትገባለህ? ወይስ ግቢው ውስጥ ትቆያለህ?

ቆራጡ

እቆያለሁ። እሺ። ግን እየጮኽኩ ነው የምቆየው።

ሐይቅ ዳር

ሃሃ። ቢያንስ በየተራ ጩኽ፣ ሰው ይተኛበት።

የኮረም ልጅ

እኔ ከላይኛው ወሎ ነኝ፤ ያኔ ኮረም ወሎ ነበረች። ስለ ክርክሩ ብዙ አላውቅም። እናቴ የነገረችኝን ልጻፍ።

በ77ቱ ረሃብ ጊዜ ኮረም መጠለያ ውስጥ ነበረች፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ። እህል የምታድል አንዲት ሴት ነበረች። ማታ ማታ ድንኳን ለድንኳን እየዞረች ከታመመው ጋር ትጸልያለች። እናቴ «እኔ በማርያም ነው የምለምን፣ ተይኝ» አለቻት። ሴትዮዋ «እሺ» ብላ ግንባሯን ሳመቻትና ሄደች። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ፈራች። ነገ ስሜን ከዝርዝር ትሰርዘዋለች ብላ። የያዘችው ልጅ ነዋ። ጠዋት ተሰለፈች። ሴትዮዋ ራሷ ናት የምትሰፍረው። ሰፈረችላት፤ ሞላ አድርጋ። ከዚያ «ልጅሽ ተቅማጡ ቆመ?» ብላ ጠየቀቻት።

ያ ልጅ እኔ ነኝ።

እናቴ እስክትሞት በማርያም እንደለመነች ነው። ያችን ሴት ግን በየዓመቱ ታነሣታለች። ስሟን አታውቀውም። «ሞላ አድርጋ» ስትል እጇን እንዲህ ታደርግ ነበር።

እርዳታ የምትሠሩ ሰዎች ካላችሁ ይህን አትርሱ። እምቢ ያላችሁ ሰው ነገ ጠዋት ሰልፉ ላይ ፊታችሁን ነው የሚያየው።

ዲያቆኑ

የኮረም ልጅ፣ እናትህን ነፍስ ይማር።

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሰላም። ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሄድኩ።

እሑድ ከቸርች ስወጣ ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ገዛሁ። በሩ ላይ ደርሼ ሁለቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው የልጅ ልጃቸው አየኝና «እቴቴ፣ መጣች!» ብሎ ጮኸ። አመለጥኩ ማለት አይቻልም።

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ቅዳሜ ማታ ጽፌ ነበር። «እቴቴ፣ ያን ዕለት...» ስል እጃቸውን አወዛወዙ። «ቡናውን ቁይው» አሉኝ። ምጣዱን ሰጡኝ። እየቆላሁ እንደገና ጀመርኩ። «አታሳርሪው» አሉኝ። በቃ፣ ይቅርታዬን የሰሙት ቡና ሲቆላ ነው፣ በጭሱ መሃል። ድምፄን ከፍ ስላደረግሁ፣ ደግሞም ምርቃቱን ጥዬ ስለወጣሁ አልኳቸው። ስለ ወንጌሉ ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እሱን አላፍርበትም። እሳቸውም እንድጠይቅ አልፈለጉም መሰለኝ። «ልጅ አይደለሽ፣ ልጅ ይቆጣል» አሉ። ከዚያ ስለ ወገባቸው ሕመም አንድ ሰዓት አወሩኝ። ሐይቅ ዳር፣ ስለዚህ ኢንቦክስ እጽፍልሻለሁ፤ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ነው የሚብሳቸው።

ቄጠማው፣ ሉባንጃው፣ ሁሉም እንደበፊቱ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ዱዓ አደረጉ። አሚን አልኩ። ባል፣ ልጅ፣ ሥራ፣ ጤና፤ የቀረ የለም። ባሉን ሁለቴ ነው የደገሙት።

ስወጣ «ቆይ» አሉኝና መቀነታቸውን ፈቱ። ሌላ ሚሞሪ! በዚያው በነጭ ጨርቅ። «ልጁን መንዙማ ጫንላት ብየው ነው። ያንችን ሰምቻለሁ፣ የኔንም ስሚ። ካልወደድሽው መልሽው።»

ባቲ ሰኞ

ሱብሃነላህ። ሰማሽው?

የሰኞ ገበያ ልጅ

ሰማሁት። ድምፁ በጣም ያምራል፣ እውነቴን ነው። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ የወንጌሉን ያህል ሰዓት ነው። ትናንት ማታ ልመልስላቸው ሄድኩ። እንዴት እንደምላቸው ጨንቆኝ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እቴቴ፣ ደግ ነገር ነው፤ እኔ ግን...» አልኩ።

አላስጨረሱኝም። ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሚሞሪውን ተቀብለው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩትና «ግቢ፣ እራት አልበላሽም» አሉኝ።

ቆራጡ

እኔ ምንም አልልም።

ኮምቦልቻ ፈረቃ

ቁጥሩ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። የዚያ ሰውዬ። ዛሬ ከፈረቃ ስወጣ እደውላለሁ። ምን እንደምለው አላውቅም።

እማ በረካ

ደውል ልጄ። ወሬው ከጠፋህ የማሽኑን ነገር ጠይቀው።

አንች ልጅ ደግሞ፣ ግማሽ ኪሎ ነው ያልሽው? ላሳደገች እናት ኪሎ ነው የሚገዛ።